የኢሳክ ባንማን ጎማ

ኢሳክ ባንማንን ያገኘሁት አስፋልቱና ወደ ሜኖናውያኑ መንደር የሚገባው የጭቃ መንገድ በሚገናኙበት መገንጠያ ላይ ነው። በተጋደመ የትራክተር የብረት መንኮራኩር ላይ ተቀምጦ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል። ሌላው መንኮራኩር አጠገቡ ዛፍ ተደግፎ ቆሟል። ሁለቱን ከከተማው ብየዳ ቤት ያመጣቸው የጭነት መኪና እዚያው አራግፏቸው ሄዷል።

እኔ የከብት መድኃኒት ጭኜ በቦሊቪያ፣ በሳንታ ክሩዝ ዙሪያ ያሉትን የእነዚህን ከዓለም ተለይተው በእርሻ የሚኖሩ ክርስቲያኖች መንደሮች ስዞር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ቋንቋቸውን የተማርኩት ከላሞቻቸው ጎን ቆሜ ነው። ኢሳክን ግን ከሰላምታ ያለፈ አላውቀውም ነበር።

"ዶን ኢላሪዮ፣ ቢያልፉኝም አልቀየምም" አለኝ መኪናዬን ሳቆም። "ዛሬ ሁሉም እያለፈኝ ነው።"

እውነቱን ነው። ከፊቴ ሁለት ጋሪዎች አልፈውት ሲሄዱ አይቻለሁ፤ ነጂዎቹ የፈረሳቸውን ጆሮ እንጂ እሱን አላዩም። ቤተ ክርስቲያን ከማኅበር የለየችው ሰው መሆኑ ያኔ ገባኝ።

"ምን አድርገህ ነው?"

"ጎማ" አለ።

በእነሱ ዘንድ ትራክተር በብረት ይሄዳል እንጂ በጎማ አይሄድም። ጎማ ያለው ትራክተር ከተማ ያደርሳል፣ ከተማ የደረሰ ልጅ ደግሞ አይመለስም ይላሉ። በሌላ ሰው መኪና መሳፈር ግን አይከለከልም። ስለዚህ ጣውላ አጋድመን፣ በገመድ እየጎተትን፣ እኔ እየተራገምኩ እሱ ዝም ብሎ፣ ብረቶቹን እንደ ምንም ጫንናቸው።

"አባቴ ከሜክሲኮ የወጣው ጎማ ሸሽቶ ነው" አለኝ መንገድ ስንጀምር። "ያኔ እኔ ገና ታቃፊ ነበርኩ። እዚህ መጥተው ጫካ መነጠሩ፣ ሁለት እህቶቼን በወባ ቀበሩ። ሁሉም ለዚሁ ብረት ሲባል ነው።"

"ጎማው ግን ፈጣን ነው፤ ደረሰባችሁ" አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ተቆረጠ፤ ጨዋታዬም ደስ አላለኝም።

ከዚያ ነገሩን አጫወተኝ። ባለፈው የዝናብ ወቅት ሚስቱን አጋኔታን ምጥ ያዛት፤ ደም መፍሰስ ጀመረ። ጋሪው ከግቢ ሳይወጣ ሰመጠ። ትራክተሩን ሲያስነሳ ብረቱ መሬቱን እየቆፈረ ወደ ታች ገባ፣ ጥርሶቹም ተሰባበሩ። ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ቦሊቪያዊ ጎረቤቱ ሮጠ። የጎረቤቱ ትራክተር የእሱው ዓይነት ነው፤ ሞተሩ ግን ተፈቶ ዘይት ውስጥ ተዘፍዝፏል። ደህናው ነገር ጎማው ብቻ ነበር። ሁለቱ ሆነው ጎማውን ፈቱና በኢሳክ ትራክተር ላይ አሰሩት፤ አጋኔታን ተጎታቹ ላይ በፍራሽ አስተኝቶ ወጣ። ሕፃኑ አስፋልቱ ጋ ሳይደርሱ ሞተ። እሷ ተረፈች።

"የጎረቤቴ ሞተር ባይፈታና በእሱ ትራክተር ተሳፍረን ብንሄድ ማንም ምንም አይለኝም ነበር" አለኝ። "ጥፋቴ በገዛ ትራክተሬ ላይ በገዛ እጄ ማሰሬ ነው።"

"በማግስቱ ብትፈታውስ?"

"ይቅር ይሉኝ ነበር። ሰባኪያችን ኦም ያኮብ ራሱ መጥቶ 'ኢሳክ፣ ፍታውና እንርሳው' ብሎኛል። መፍቻውን እይዛለሁ፣ ሰማዩን አያለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የተከልም የሰበሰብኩም በጎማ ሆነ። ከዚያ ለዩኝ።"

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። በዙሪያቸው ያሉት መንደሮች ጎማ እየፈቀዱ ስለሆነ፣ የእነ ኦም ያኮብ ማኅበር መሬቱን ሸጦ ወደ ሰሜን፣ ሰው ወዳልገባበት ጫካ ሊሰደድ ነው። ኢሳክ በመጪው እሁድ በጉባኤው ፊት ተንበርክኮ ካልተጸጸተ አይወስዱትም። አጋኔታ ግን ከእናቷና ከወንድሞቿ አትነጠልም፤ ልጆቹን ይዛ ትሄዳለች።

ቤቱ ስንደርስ አጋኔታ ከበሩ ወጣች። ሆዷ ገፍቷል። ብረቶቹን አይታ ዓይኗን በጉርዷ ጠረገችና "ምሳ ደርሷል፣ ዶን ኢላሪዮ። ሳይበሉ አይሄዱም" አለችኝ።

ረጅም ገበታ ነው፣ አበባ ያለው ላስቲክ ለብሷል። እኔ፣ እሷና ልጆቹ በአንድ በኩል ተቀመጥን። ኢሳክ ከጫፉ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ከጸሎቱ በኋላ ብርጭቆዬን በእኔና በእሱ መካከል ሳስቀምጠው ላስቲኩ ወደ ታች ሰረገደ፣ ውሃው ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ማንም አልሳቀም። ለካ ገበታው አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው፣ በመካከሉ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ከተለየ ሰው ጋር በአንድ ገበታ አይበላም። አጋኔታ ላስቲኩን ከላይ ያለበሰችው ትንሿ ልጅ እንዳታውቅ ብላ ነው። ዳቦውንም ከእሱ እጅ አትቀበልም፤ እሱ ያስቀምጣል፣ እሷ ታነሳለች።

"እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፣ ዶን ኢላሪዮ" አለች ልጆቹን ወደ ደጅ ካስወጣች በኋላ። "አንዲት ቃል ናት። 'በጎማው ተጸጽቻለሁ' ማለት ነው። ይችን ማለት ያቅታል?"

"ማለቱ መች አቃተኝ" አለ ኢሳክ ከማዶ። "እውነት አይደለማ።"

"እውነቱን ለእግዚአብሔር ተወው።"

"የሚጠይቀኝ እኮ እሱ ነው! ጎማውን ባላስር አንቺ ዛሬ ከሕፃኑ ጎን ነሽ። በምኑ ልጸጸት? በአንቺ?"

አጋኔታ ድምጿን አላነሳችም። "ሞቼ ቢሆን ማንም አይለይህም ነበር። እየዘመሩ ይቀብሩኝና ሳይውሉ ሳያድሩ ሌላ ሚስት ይፈልጉልህ ነበር። ግን አልሞትኩም። ካልሞትኩ ደግሞ ከባሌ ጋር በአንድ ገበታ መብላት እፈልጋለሁ። ይሄንንም ልጅ ብቻዬን አልወልድም፤ ያለ እናቴም አልወልድም። ምን ላድርግ? አንተው ንገረኝ።"

ኢሳክ ማንኪያውን አስቀመጠ። ፍረድ የተባልኩት እኔ ሾርባዬን ጠጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎማውን ፈታን። ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር ጉልበት ፈጁ። ብረቱን አስገብተን ስንጨርስ ኢሳክ ጎማውን እያንከባለለ ወስዶ ከአጥሩ ማዶ ለጎረቤቱ አስረከበ። ሲመለስ በደቡብ በኩል ደመና እየከበደ ነበር። እስከ መኪናዬ ሸኘኝ።

"እሁድ ምን ልትል ነው?" አልኩት።

"ተጸጽቻለሁ እላለሁ።" ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። "እኛ መሐላ የለንም፣ ያውቃሉ። አዎ ካልን አዎ ነው፣ እሱ ነው መሐላችን። እስከዛሬ ለከብት ነጋዴ እንኳ ዋሽቼ አላውቅም። እሁድ በቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ተንበርክኬ እዋሻለሁ።"

የማጽናኛ ቃል ፈለግሁ። ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው፤ "እሷ እስክትገላገል ድረስ ዝናብ በጣለ ቁጥር በእናንተ በኩል ብቅ እላለሁ። መኪናዬ ጭቃ ይችላል።"

በእጁ የያዘውን መፍቻ በጨርቅ ጠርጎ ቀና ብሎ አየኝ።

"የምትወልደው እዚያ ከሄድን በኋላ ነው፣ ዶን ኢላሪዮ" አለኝ። "እዚያ ደግሞ መንገድ የለም። ቦታውን የመረጡት ለዚያ ነው።"