በመንደራችን ስም የተሸጠው ቅቤ

ያን ቅዳሜ ጠዋት ጎንደር ገበያ፣ ቅቤ ተራ ላይ፣ የብርቄን ሹሩባ በእጄ ጠምጥሜ ነበር...

እሷም ዝም አላለችም። ጆሮዬን በጥርሷ ይዛዋለች። ደሙ በአንገቴ ሲወርድ ይሞቀኛል።

ጠባችን በቅቤ ነው። እኔ ከጠዳ በላይ ደጋው ላይ ያለችው የሾላ ምንጭ ሰው ነኝ። ብርቄ የቆላ ድባ ሴት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷም ክንዷም የማይቻል። ገበያ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን።

ድሮ ቅቤው የየት አገር እንደሆነ መናገር በውድ እንጂ በግድ አልነበረም። ቅቤዋ የሚያኮራት ሴት ምልክት ታደርግበታለች። እኛ ሾላ ምንጮች በቅሉ አንገት ላይ ቀይ ክር እናስር ነበር። ሞራ የምትቀላቅለዋ ምንም አታስርም፤ ገዢውም ገብቶት ያልፋታል። ማንም ማንንም አያስገድድም።

ጣሊያን ከገባ በኋላ ግን አዋጅ ወጣ። ቅቤም ሆነ ወተት፣ አይብም ሆነ እርጎ ይዞ ገበያ የሚገባ ሁሉ የመንደሩ ስም የተጻፈበት ቆርቆሮ ዕቃው ላይ ያንጠልጥል ተባለ። ያላንጠለጠለ ይገረፋል። «የታመመ ከብት ወተት እንዳይሸጥ ነው» አሉን። እኛም አመንን... ምን እናድርግ።

ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል ነው፤ አናነበውም። የኛን ቆርቆሮ ግን ከሩቅ እለየዋለሁ። ያን ጠዋት በብርቄ ቅል ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት።

«ምነው ብርቄ፣ ይሄ የማን ነው?» አልኳት።

«የኔ ነዋ። ቅሉም የኔ፣ ቅቤውም የኔ።»

«ስሙስ?»

«ስሙን እንደሁ አልበላሁት፤ አለልሽ።»

ገዢ ከጣለው ባዶ ቅል ላይ ፈትታ ወስዳው ኖሯል። የኛ ቅቤ ሸጋ ነው ተብሎ ቶሎ ስለሚነሳ፣ የቆላ ድባውን በሾላ ምንጭ ስም ልትሸጠው ነው። ቅሏን ልነጥቃት እጄን ስዘረጋ አፌን በቡጢ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳደረገ እንጃ... የኔ ቅል ተሰበረ፣ ቅቤዬ ጭቃ ላይ ተረገጠ።

ያላቀቁን አያ ተሰማ ናቸው፤ የመንደራችን ሽማግሌ፣ እንጨት በአህያ ጭነው የመጡ። ገና ትንፋሻችን አልተመለሰም።

ማኪና መጥታ ቆመች። ባንዳዎች ወርደው ቅቤ ተራውን ከበቡት። መሀላቸው አንድ ጣሊያን ሹም አለ፤ አጠገቡ አስተርጓሚው። አስተርጓሚው ጭስ ያጠቆረው ባዶ ቅል ከፍ አድርጎ አሳየን። አንገቱ ላይ የኛ ቆርቆሮ ተንጠልጥሏል።

«በአዘዞ መንገድ ማኪና የመቱት ሽፍቶች ካደሩበት ዋሻ የተገኘ ነው» አለ። «ሾላ ምንጭ ሽፍታ ትቀልባለች። ይሄ ቆርቆሮ ያላት ትነሳ።»

ያኔ ገባኝ። የከብት በሽታ የሚባል ነገር አልነበረም... አርበኛውን ማን እንደሚያበላ ሊያውቁበት ኖሯል።

ባንዳዎቹ ቅል በቅል እያዩ መጡ። የኔ ቆርቆሮ ጭቃው ላይ ወድቋል። አያ ተሰማ ቀስ ብለው ረገጡትና ቆሙበት። የብርቄ ግን እንደተንጠለጠለ ነው።

ጎትተው አወጧት።

«እኔ የቆላ ድባ ሴት ነኝ። ስሙን ለገበያ ብዬ ነው ያንጠለጠልኩት» አለች።

አስተርጓሚው ሳቀ። «ቆርቆሮው ሾላ ምንጭ ይላል።»

አንዱ በሰደፍ ፊቷን መታት። ወደቀች። ሁለት ባንዳዎች እጆቿን ረግጠው ያዙ፤ ሌላው ጀርባዋን በአለንጋ ይገርፍ ጀመር። ቀሚሷ ተቀደደ... ቆዳዋም አብሮ።

«ሌላ የሾላ ምንጭ ሰው እዚህ ማን አለ?» አላት አስተርጓሚው።

ብርቄ ቀና አለች። አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል፤ በሌላው የምታየው እኔን ነው። ጣቷን ብታነሳ አበቃልኝ።

«ማንም የለም» አለች። «ብቻዬን ነው የመጣሁት።»

እንደገና ገረፏት። እንደገና ጠየቋት።

«ብቻዬን ነኝ አልኩህ።»

አላስቻለኝም። «እኔ ነኝ» ልል አፌን ስከፍት አያ ተሰማ ክንዴን እስኪያመኝ ጨበጡኝ። «ከዚህ ወዲያ የሚሄዱት ወደ መንደራችን ነው። የኔ እግር አይደርስም፤ ሂጂና ሰዉን አውጪ» አሉኝ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው።

ባንዳዎቹ ብርቄን ሲያዩ፣ ከአያ ተሰማ አህያ ጀርባ ሾልኬ ወጣሁና በአቋራጭ ሮጥኩ። የአለንጋው ድምፅ ከገበያው ወጥቼም ይሰማኝ ነበር... ወይም የሚሰማኝ መሰለኝ። መንደር ስደርስ ሰዉ ሕፃኑን አዝሎ፣ አዛውንቱን ደግፎ ወደ ገደሉ ወረደ። ከብቶቹ በየመስኩ ተበትነዋል፤ የሚሰበስብም አልተገኘ።

ጀምበር ሳታዘቀዝቅ መጡ። ተኩሱን ገደሉ ውስጥ ሆነን ሰማን። ቤቱ ሁሉ ነደደ። አንድ ዓይነ ስውር አዛውንት «ከቤቴ አልወጣም» ብለው ነበር፤ ከቤታቸው ጋር ተቃጠሉ። እኔም ከገደሉ ስወጣ ላሜን ከነጥጃዋ በጥይት ተመትታ አገኘኋት። ጡቷ ገና ወተትና ደም ያንጠባጥባል።

ዋሻው ውስጥ የተገኘው ቅል የኛ ይሁን፣ ብርቄ ቀደም ብላ በኛ ስም የሸጠችው ይሁን... እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ብርቄን አሰሯት። የተፈታችው ጣሊያን ሲወጣ ነው። አንድ ዓይኗ ጠፍቶ፣ ትከሻዋ ጎብጦ ገበያ መጣችና ከጎኔ ተቀመጠች።

ቅሌን ገፋ አድርጌ ቦታ ለቀቅኩላት። በኋላ «ምነው ያኔ ሳትጠቁሚኝ ቀረሽ? ጸጉርሽን እኮ እየነጨሁት ነበር» አልኳት።

ቅቤዋን በቅጠል እየሸፈነች፣ ቀና ብላም ሳታየኝ፣ «ጠቡ የኔና ያንቺ ነው። እነሱን ምን አገባቸው?» አለችኝ።

ዛሬም አንዋደድም... እሷ በቀረችበት ቀን ግን ቦታዋ ላይ ማንንም አላስቀምጥም።