ማዳም ሩት ቤት የሰነበተው መዝገብ

ባለፈው ሰኞ የልጅ ልጄ ሐናን የእድራችንን አሮጌ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እያስገባች ሳለ ድንገት ሳቀች። «እማማ፣ እዚህ ገጽ ላይ ስህተት አለ» አለችኝ። «ሦስት ሰዎች እድር የገቡት ከሞቱ በኋላ ነው። ጽሑፉም የሕፃን ልጅ ይመስላል።» መነጽሬን ፈልጌ ጎንበስ አልኩ። ፊደሎቹ ተንጋደዋል፤ ብዙ ተጨንቆባቸው እንደተጻፉ ያስታውቃል። የሕፃን ግን አልነበሩም፤ የማዳም ሩት ነበሩ። ስንት ዘመን ያላሰብኩት የቀይ ሥር ሾርባ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አብዮቱ ገና አልመጣም። ከ18 ማዞሪያ ወደ ታች በምትወርደው ኮረኮንች መንገድ፣ ከአባቴ የጨርቅ ሱቅ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ፣ ማዳም ሩት በሹራብ መኪናቸው የተማሪ ሹራብ ይሠሩ ነበር። ፖላንድ የተወለዱ አይሁዳዊት ናቸው፤ ከአውሮፓው ጦርነት በኋላ ብቻቸውን መጡ። ከዚህ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔ ሙያውን እየተማርኩ ከሳቸው ጋር እውል ነበር። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መኪናው ወዲያና ወዲህ ይላል፣ እሳቸው ደግሞ ጥግ ላይ ቀይ ሥር ከድንች ጋር ይቀቅላሉ። እናቴ «ይሄማ ቀለም ነው እንጂ ምግብ ነው?» ትል ነበር። እኔ ግን ሳህኑን በዳቦ ጠርጌ ነው የምነሳው።

አባቴ የእድሩ ጸሐፊ ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀባበርበት እድር ነው። በዚያ ክረምት አዲስ መዝገብ ሲከፈት፣ አባቴ በእጅ ጽሑፌ ስለሚኮራ ቤት ለቤት ዞሬ እንድመዘግብ ላከኝ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሱ ይበልጥ እኮራበት ነበር። ማዳም ሩት ቤት ስደርስ መዝገቡን ከሻርፔ ሥር አወጣሁና እንደ ትልቅ ሹም ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ሙሉ ስም? ሃይማኖት? የቤተሰብ ብዛት?»

መኪናው ቆመ። ፊታቸው ወረቀት መሰለ።

«ማን ላከሽ?»

«እድሩ ነዋ፣ ማዳም።»

«ውጪ።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። «ውጪ!» አሉ፤ በሩም ተዘጋ።

ሦስት ቀን ሙሉ አልከፈቱልኝም። ያለቀስኩት ሥራዬ ቀረ ብዬ አልነበረም፤ እወዳቸው ነበር። አባቴን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዘመን እድር የሌለው ሰው ሲሞት የሚሸከመው የለም፤ እሳቸው ደግሞ እዚህ አገር አንድ ዘመድ አልነበራቸውም።

በአራተኛው ቀን ራሳቸው ጠሩኝ። ሾርባ ቀድተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«እኛም ቤት አንድ ልጅ መጣ» አሉኝ። «ጨዋ ልጅ። ጽሑፉ እንዳንቺ ቆንጆ። ስም፣ ሃይማኖት፣ ስንት ናችሁ? አለ። እናቴ ሻይ ሰጠችው። እኔ እንዳይሳሳት ፊደል በፊደል ነገርኩት።»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የጀርመን ወታደሮች ያንኑ ዝርዝር ይዘው መጡ። ማዳም ሩት ወተት ሊያመጡ ወጥተው ነበር። እናታቸውን፣ አባታቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን በባቡር ወሰዷቸው፤ ወጥተው ቀሩ፤ መቃብር እንኳ የላቸውም። እሳቸውን አንዲት ገበሬ ድንች በሚቀመጥበት ጉድጓድ ሁለት ዓመት ደበቀቻቸው። «ደብተር ይዞ ለሚመጣ ሰው ስሜን አልናገርም» አሉኝ። ሾርባዬ ሳልነካው ቀዘቀዘ።

እሑድ በእድሩ ስብሰባ አባቴ ነገሩን ተናገረ። አንዱ ተነስቶ «እናዝናለን፤ ግን ደንብ ደንብ ነው፤ ያልተመዘገበ አባል አይሆንም» አለ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደሳለኝ ተነሱ። መዝገቡን አንስተው በካቦርታቸው ሸፈኑና ዝናቡ ውስጥ ወጡ። እኛም ጭቃውን እየረገጥን ተከተልናቸው። የማዳም ሩትን በር አንኳኩ።

«ስምዎን ልንጠይቅ አልመጣንም» አሉ። «ይሄ የኛ ስም ነው፤ የልጆቻችንም ጭምር። እርስዎ ጋ ይቀመጥ። ግልባጭ የለንም።»

አባቴን ላብ አጠመቀው፤ ግልባጭ እንደሌለ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረማ። ማዳም ሩት መዝገቡን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ደረታቸው ላይ አስደገፉት።

ሁለት ሳምንት እሳቸው ጋ ሰነበተ። ሹራብ እየሠራን ስም በስም ያስነብቡኛል። «ይቺ አስቴር፣ ዳቦ የምትሸጠው ናት? ይሄ ሙዘይን፣ ጥርሱ የወለቀው?» በመሀል ፊደል አስተምሪኝ አሉኝ። አንድ ጠዋት ብዕሬን ከእጄ ወስደው ስማቸውን ጻፉ። ቤተሰብ በሚለው ቦታ ላይ ሦስት ስም ጨመሩ፤ አጠገቡም «ሞተዋል» ብለው ጻፉ።

«ማዳም፣ የሞተ ሰው አይመዘገብም እኮ» አልኩ። ዛሬም ሳስታውሰው ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

«አውቃለሁ» አሉ። «ቤተሰቤ ግን እነሱ ናቸው።»

መዝገቡ ጋሽ ደሳለኝ እጅ ሲገባ ገጹን ደጋግመው አዩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንግዲህ መርዶው ዛሬ ደረሰን» አሉ።

ድንኳኑ በማግስቱ ማዳም ሩት ደጅ ላይ ተተከለ። ሰፈሩ ነጠላውን ዘቅዝቆ ለቅሶ ደረሰ። አንዱ «እግዜር ያጥናዎ» ይላል፣ አባቴ «አላህ ሰብሩን ይስጥዎ» ይላል። እናቴ በንፍሮው ላይ አንድ ትልቅ ድስት ቀይ ሥር በድንች ሠርታ መጣች፤ ሥራዋን ግን ቀምሳ አላየችም። ሴቶቹ እንደ ደንቡ ስለ ሟቾቹ ጠየቁ። ወንድምዎ ምን ይመስል ነበር? እናትዎ ባለሙያ ነበሩ? ለካ እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም! አለቀሱ፤ እኛም አብረን አለቀስን። በሦስተኛው ቀን ወንድማቸውን የጎረቤት ዝይ እንዴት እንዳባረረው ሲያወሩ ከልባቸው ሳቁ፤ ድንኳኑም አብሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት በመካከላችን ኖሩ። ሲያርፉም የተሸከማቸው ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነበር።

እኔ እስከ ዛሬ ደብተር ይዤ የሰው ደጅ ስደርስ አስቀድሜ የራሴን ስም እናገራለሁ። ይህን ሁሉ ለሐናን ስነግራት ሳቋን ትታ ሦስቱን ስሞች አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀና አለች።

«የሞቱበትን ቀን ካልሞላሁ ኮምፒውተሩ አያሳልፈኝም፣ እማማ። ቀኑ ይታወቃል?»

«አይታወቅም» አልኳት። «እኛ የሰማንበትን ቀን ጻፊ።»