አንድ ክንድ ባዶ መሬት

በርም የምትባለውን የእንግሊዝኛ ቃል የተማርኳት በድሮው ጦር፣ መሐንዲስ ክፍል ሳለሁ ነው። ምሽግ ስትቆፍር የምታወጣውን አፈር ጥይት እንዲያቆምልህ ከፊትህ ትከምረዋለህ፤ ግን አፋፉ ላይ አትከምረውም። በአፋፉና በክምሩ መካከል ባዶ መሬት ትተዋለህ፣ አፈሩ ተመልሶ እንዳይናድብህ፣ ክብደቱም ግድግዳውን እንዳይገፋው። ያች ባዶ ቦታ ናት በርም። ያስተማረን መቶ አለቃ በርም ላይ ምንም አይቀመጥም፣ ሰውም ቢሆን አይቆምም ይለን ነበር። ከዚያ ሁሉ ውትድርና ይዤ የወጣሁት ቁም ነገር ይችው ናት ብል አላጋነንኩም።

ጦሩ ሲበተን ሞጣ፣ አገሬ ገባሁ። ሥራ የለ፣ መሬት የለ። ቢቸና ሚስት አገባሁና ከአባቷ ግቢ ተጠጋሁ። የሚስት አባት ግቢ መኖር ለወንድ ልጅ እንዴት እንደሚያንቅ የቀመሰ ያውቀዋል። አማቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን የማያውቁት ነገር የለም። ስበላ ያዩኛል፣ ስወጣ ያዩኛል፣ ስገባ ያዩኛል። ጥዬ እንዳልሄድ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ደግሞስ የት እሄዳለሁ?

ጓሮ ውስጥ የውኃ ጉድጓድ እንቆፍር የተባለው በግንቦት ነው። እኔ ከታች እቆፍራለሁ፣ አማቴና አንድ ጎረቤት አፈሩን በገመድ እየጎተቱ ይደፋሉ። የት? እዚያው አፉ ላይ! ክረምት ሲመጣ ጎርፍ እንዳይገባበት የጉድጓድን አፍ በአፈር መክበብ የሰፈሩ ልማድ ነው። ኧረ አባባ፣ ፈንጠር አድርገው ይድፉት፣ በርም ይተዉለት ብዬ ከነትርጉሙ አስረዳሁ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? የምንቆፍረው ለውኃ እንጂ ለጦርነት አይደለም። ጎረቤቱም ሳቀ። እኔም እየተቃጠልኩ ወረድኩ፤ በሰው ግቢ ምን ምርጫ አለኝ?

የቢቸና ዋልካ፣ ያ ጥቁር አፈር፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ማታ የጣለው የመጀመሪያው ዝናብ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጎንበስ ብዬ ስቆፍር አንዱ ጎን ተገፍቶ መጣብኝ። ዶማዬን የምጥልበት ጊዜ እንኳ አልሰጠኝም። ሲቆም እስከ ደረቴ ተቀብሬያለሁ። እጆቼ ወጥተዋል፤ ከዚያ በታች የእኔ የሚባል ነገር የለም። ትንፋሽ ባወጣሁ ቁጥር አፈሩ ይጠብቃል፤ ልስብ ስል እምቢ ይላል። ፈራሁ። ጦር ሜዳ እንኳ እንዲያ አልፈራሁም።

አማቴ ኡኡ አሉ። የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ አገር ኡኡታ ሰምቶ የማይሮጥ ከሰው አይቆጠርም። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሌላ ጊዜ የተሸነፈ ወታደር እያለ የሚሸሸኝ ሁሉ ያን ዕለት አፋፉ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን አስግጎ አይዞህ ይለኛል። በእያንዳንዱ አይዞህ ፊቴ ላይ አፈር ይዘንባል። ራቁ ለማለት ድምፄ በቅጡ አልወጣ አለ፤ የሰሙትም ጭንቀት የሚያስቀባጥረኝ መሰላቸው። አይዞህ እያሉ ሊቀብሩኝ ነው አልኩ በልቤ።

ያን ጊዜ የሚስቴን ድምፅ ሰማሁ። ልየው፣ አሳልፉኝ ልየው እያለች፣ ሰዉን እየገፋች ወደ አፋፉ ትመጣለች። ያለችኝን ትንፋሽ ሰበሰብኩ።

«አትቅረቢኝ!»

እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶኝ አያውቅም። ቀጥሎ የአማቴን ቁጣ ሰማሁ፤ በከዘራቸው ሰዉን ወደ ኋላ እየነዱት ነው። ትንሽ ቆይቶ የጉድጓዱ አፍ ግማሹ ጨለመ፤ የቤታቸውን በር አስነቅለው አፋፉ ላይ አጋድመውታል። ክብደታቸው አንድ ቦታ እንዳያርፍ በሆዳቸው ተኝተውበት ፊታቸው ብቅ አለ።

«ያ እንግሊዝኛህ ስንት ክንድ ነው?» አሉኝ።

«አንድ ክንድ ይበቃል፣ አባባ።»

ሌላ አልጠየቁም። አፈሩን ከበሩ ላይ ሆነው ራሳቸው ወደ ኋላ እየገፉ፣ ሌሎቹ ከሩቅ እየተቀበሉ፣ አፋፉን ዙሪያውን አንድ ክንድ ባዶ አደረጉት። ከዚያ ያ የሳቀው ጎረቤት ወገቡን በገመድ ታስሮ ወረደና በጣሳ ይዝቅልኝ ጀመር። ዘለግ ያለ ጊዜ ወሰደ። በቀረችኝ ቁራጭ ሰማይ ደመና ባለፈ ቁጥር ዝናቡ መጣ እላለሁ። የሚስቴን ድምፅ ግን ዳግመኛ አልሰማሁም። ተቀይማኝ ቤት ገብታለች አልኩ፣ ብሞት የመጨረሻ ቃሌ ያ ሊሆን ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎትተው አወጡኝ። እግሬ አልይዝህ አለኝና በሩ ላይ ተዘረርኩ። ቀና ስል ሚስቴ እዚያው ናት። ባዶው መሬት የሚያበቃበት ላይ፣ የእግሯ ጣቶች ጠርዙን እንደነኩ፣ ሆዷን በሁለት እጆቿ ደግፋ ቆማለች። ተቀመጪ ቢሏት እምቢ፣ ውኃ ጠጪ ቢሏት እምቢ ብላ፣ ቃሌን ይዛ፣ መሬቱ ከተጠረገ ጀምሮ ከዚያች ቦታ አልተነቃነቀችም አሉ። ወጥቼ እያየችኝ እንኳ አልተራመደችም።

«ነይ» አልኳት። «አሁን ቅረቢኝ።»