እትዬ ሸዋዬ እና የፍሪጃቸው ማጣሪያ

እትዬ ሸዋዬን የተዋወቅኳቸው በዓሣ አጥንት ምክንያት ነው። እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ የዓሣው ገበያ በር ላይ ተራ ይዤ ቆሜ ሳለ፣ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ሁለት ማዳበሪያ እየጎተቱ መጡ። ማዳበሪያው ከታች ያንጠባጥባል። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውሰደኝ አሉኝ። ምን እንደያዙ ስጠይቃቸው ምንም ሳያፍሩ አጥንት ነው አሉኝ፤ ሥጋው ተወስዶ የተጣለ የዓሣ አጥንት። አልጭንም አልኳቸው። ከኋላዬ ያለውም አልጭንም አለ።

እሳቸው አልተቆጡም፣ አልለመኑምም። ማዳበሪያው ላይ ቁጭ አሉና አንዳችን እስክንጭናቸው ድረስ እዚያው እንደሆኑ ነገሩን። ረጃጅም እግር ያላቸው አሞሮች ዙሪያቸውን ከበው አጥንቱን ያያሉ። እሳቸው በጃንጥላ ያባርራሉ፣ አሞሮቹ ይመለሳሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ካየሁ በኋላ አላስቻለኝም፣ ጫንኳቸው። የባጃጄ ሽታ ሦስት ቀን አልለቀቀም። ጓደኞቼም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆሮሶ ነው የሚሉኝ፣ ከሐይቃችን በብዛት በሚወጣው ዓሣ ስም።

መንገድ ላይ ለምን እንደሚፈልጉት ጠየቅኳቸው። ለፍሪጄ ነው አሉኝ። ፍሪጅ ውስጥ ሊያስቀምጡት መሰለኝ። ነገሩ የገባኝ ቤታቸው ደርሼ ሳይ ነው። የቀረውን ደግሞ እየተመላለስኩ ሳደርሳቸው ቀስ በቀስ ነገሩኝ። መጻፍ ልምዱ የለኝም፣ ግን ሰው እንዲያውቃቸው ስለምፈልግ እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ።

እትዬ ሸዋዬ ያደጉት ዝዋይ አካባቢ ነው። እዚያ በልጅነታቸው የጠጡት የጉድጓድ ውሃ ጥርሳቸውን አበለዘው። ቡናማ ነው፣ ቢፋቅም አይለቅም። ሲስቁ እጃቸው ቀድሞ አፋቸው ላይ ይደርሳል። የሠርጋቸው ፎቶ ላይ እንኳ አፋቸው ግጥም እንዳለ ነው። ሐዋሳ መጥተው ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል የተቀጠሩት እንግዳ ለመቀበል ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ወደ መኝታ ክፍል ጽዳት አዛወሯቸው። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም፣ ግን ያውቁታል። ሃያ ሁለት ዓመት አንሶላ ሲቀይሩ ኖሩ።

ጡረታ ሲወጡ ሆቴሉ ዕቃ እየቀየረ ስለነበር አንድ አሮጌ ፍሪጅ ሰጣቸው። በሩ ላይ ብርጭቆ ሲያስጠጉበት ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀዳ ዓይነት ነው፣ ውስጡም የራሱ ውሃ ማጣሪያ አለው። የግቢያቸው ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው። እሳቸው ግን አልሰጉም፣ ፍሪጁ ሁሉንም ያጣራዋል ብለው ያምኑ ነበር። የልጃቸው ልጅ ሮሆቦት ያን ጊዜ ሁለት ዓመቷ ነው። እዚያው ግቢ የምትከራይ ኡሙልኸይር የምትባል ጎረቤት አለቻቸው፣ እሷም የሮሆቦት እኩያ ልጅ አላት። ሁለቱ ሕፃናት ቀኑን ሙሉ አብረው ነው የሚውሉት። ውሃም የሚጠጡት ከዚሁ ፍሪጅ ነው፣ በአንድ ሰማያዊ ኩባያ።

አንድ ቀን ፍሪጁ ላይ ቀይ መብራት በራ። ፍሪጅ የሚጠግነው ማርቆስ መጥቶ አየና የማጣሪያው ጊዜ አልፏል፣ እዚህ ከተማ ደግሞ አይገኝም፣ ዝም ብለው ያለ ማጣሪያ ይጠቀሙ አላቸው። እምቢ አሉ። ሰው ልከው ከአዲስ አበባ አስመጡ። ማርቆስን እንኳ አልጠበቁም፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል እያዩ ራሳቸው ቀየሩት። አሮጌውን ወደ ግራ አዙረው ሳቡ፣ አዲሱን አስገብተው እስኪይዝ ወደ ቀኝ አዞሩ፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ጠቆር ያለ ውሃ ሁለት ባልዲ ደፉ። ከዚያ ቁልፉን ተጭነው ሲይዙት ቀዩ መብራት ጠፋ። ማርቆስ ሲመጣ አሳዩትና ከእንግዲህ የሮሆቦት ጥርስ አይበልዝም አሉት።

ማርቆስ ቀልደኛ ነው፣ ያን ቀን ግን አልቀለደም።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሽታና ጣዕም ነው የሚያስተካክለው። ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ነው። እሱን አያስቀርም።»

አላመኑትም። ከፍሪጁ በጠርሙስ ቀድተው ላብራቶሪ ወሰዱት። ፍሎራይዱ በሊትር ከአራት ሚሊግራም በላይ ወጣ። እዚያ ያለችው ባለሙያ ከአንድ ተኩል ማለፍ እንደሌለበት ነገረቻቸው። ደግሞም የወተት ጥርስ ወልቆ የሚተካው ጥርስ አሁኑኑ የልጅቷ ድድ ውስጥ እየተሠራ ነው አለቻቸው። ስለዚህ ሲያድጉ እናያለን ተብሎ የሚተው ነገር አልነበረም። ለልጆቹ የታሸገ ውሃ መግዛት ጀመሩ፣ በጡረታ ግን ብዙ አያስኬድም።

ያቺው ባለሙያ በደንብ በተከደነ ዕቃ ውስጥ የከሰለ አጥንት ፍሎራይዱን ይይዘዋል አለቻቸው። ከሉካንዳ የበሬ አጥንት አምጥተው በዱቄት ወተት ጣሳ ከደኑና ፍም ውስጥ ቀበሩት። ቶሎ ሲያወጡት ቡናማ ሆኖ ውሃውን አገማው። ሲያቆዩት ነጭ ሆነ፣ እሱም አልሠራም። በአምስተኛው ሙከራ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ወቀጡት፣ አጠቡት። ማርቆስ ከግቢው የውሃ ታንከር ወደ ፍሪጁ በሚሄደው ቱቦ መሀል እንደ ጠርሙስ ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ገጠመላቸው፣ እዚያ ውስጥ ሞሉት። የፍሪጁን የራሱን ማጣሪያ አውጥቶ በቦታው መድፈኛ አደረገበት። እትዬ፣ ፍሪጁ ከነገ ጀምሮ ሾርባ ነው የሚቀዳው ብሎ አሾፈባቸው። ላብራቶሪ ሲወስዱት ግን ከአንድ በታች ወጣ።

በሳምንቱ የኡሙልኸይር ልጅ ውሃ ልትጠጣ መምጣቷን ተወች። እትዬ ሸዋዬ በመስኮት ሲያዩ ልጅቷ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ያልተጣራውን የጉድጓድ ውሃ በእጇ እየጨለፈች ትጠጣለች። ምን አስቀይሜሽ ነው ብለው ኡሙልኸይርን ጠየቋት።

«እትዬ፣ አጥንቱ የማን እርድ ነው?» አለቻቸው።

እትዬ ሸዋዬ በየዓመት በዓሉ ለእሷ ዶሮ ከነሕይወቱ የሚሰጡ ሰው ናቸው፣ በራሷ ሰው አሳርዳ እንድትበላ። ይህን ሁሉ እያወቁ አጥንቱን ሲያመጡ አንድም ጊዜ አላሰቡትም። ውሃ ውሃ ነው ብለው ነው። ኡሙልኸይር ግን አይጨነቁ፣ ለሮሆቦት ጥሩ ነው፣ እኛ የቧንቧውን እንጠጣለን አለቻቸው። ከእስላም ሉካንዳ ቢያመጡ ደግሞ እሳቸውና ሮሆቦት አይጠጡትም። የፍሪጁ ውሃ መውጫ አንድ ነው።

ያን ቀን ጥቁሩን አጥንት ሙሉውን አውጥተው ጎመኑ ሥር ደፉት። ማርቆስ ይህን ሲያይ አበዱ እንዴ አላቸው፤ ስንት ቀን የለፉበት፣ ላብራቶሪ ያለፈ ነገር ነው።

«አንደኛዋ ስትስቅ ሌላዋ እንደኔ አፏን ይዛ ስታድግ፣ እኔ እዚህ በር ላይ ቁጭ ብዬ ልይ?» አሉት።



አንድ ወር ያህል ከየትኛው አጥንት እንደሚሠሩ ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆዩ። ኡሙልኸይር አንድ ቀን የተጠበሰ ዓሣ በትሪ ይዛላቸው መጣች። እንደ ሁልጊዜው ከአንድ ትሪ በሉ። በልተው ሲጨርሱ እትዬ ሸዋዬ ትሪው ላይ የቀረውን አጥንት አገላብጠው አዩት። ዓሣ ማንም አያርደውም። ከውሃ ይወጣል፣ ሁለቱም ይበሉታል። ማግስቱ ቅዳሜ ነበር። እኔ ያገኘኋቸው ያን ቀን ነው።

ዓሣ እንደ በሬ አይደለም። አጥንቱ ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይነዳል፣ ቅባቱም አይለቅም። መጀመሪያ ቀቅለው፣ አጥበው፣ ፀሐይ ላይ አሰጡት። የሠፈሩ ድመት ሁሉ ግቢያቸው ገባ። ጎረቤት በአጥር በኩል ምን እየሞተ ነው ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ጊዜ ነጭ አመድ ሆነባቸው። አንድ ጊዜ ሮሆቦት ኩባያውን አሽትታ ወለሉ ላይ ደፋችው። እኔም ሦስት ቅዳሜ ማዳበሪያ አመላለስኩ፣ በሦስተኛው ራሴ አሞራውን እያባረርኩ ነው የጫንኩት።

በመጨረሻ የወጣው እንደ ከሰል የጠቆረ ነው። ሞሉት፣ ውሃውን ላብራቶሪ ወሰዱት፣ አንድ ነጥብ ሁለት ተብሎ ተጻፈላቸው። ወረቀቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ኡሙልኸይር ወረቀቱን አላየችም። ሰማያዊውን ኩባያ አንስታ ከፍሪጁ ቀዳች፣ ቢስሚላሂ ብላ መጀመሪያ ራሷ ጠጣች፣ ቀጥሎ ለልጇ ሰጠች። ልጅቷ ግማሹን ጠጥታ ለሮሆቦት አቀበለቻት። እትዬ ሸዋዬ ሳቁ። እጃቸውን ወደ አፋቸው አነሱና ግማሽ መንገድ ላይ ረስተውት ቀረ።

አሁን ልጆቹ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ጥርሳቸው ምን ሆኖ እንደሚወጣ ገና አልታየም፣ ሁለት ዓመት ይቀራል። ከሰሉ ሁለት ወር ሲሆነው መያዝ ስለሚያቆም እትዬ ሸዋዬ በየሁለት ወሩ አዲስ አክስለው ይቀይሩታል፣ አንድም ጊዜ አሳልፈው አያውቁም። የፍሪጁ ቀይ መብራት ከበራ ቆይቷል። ፍሪጁ ማጣሪያው አልተቀየረም ብሎ ነው የሚያስበው። መብራቱን በፕላስተር ሸፍነውታል።

እባካችሁ ሐዋሳ ያላችሁ ሰዎች፣ የምትመጡም፣ ምሥራቅ ሂዱና እትዬ ሸዋዬን ጠይቋቸው። ግቢያቸው ውስጥ ቆርቆሮ ላይ የተሰጣ አጥንት ካያችሁ ደርሳችኋል። ከፍሪጁ ቀድተው ይሰጧችኋል፣ ጠጡ፣ ምንም አይሸትም። ባዶ እጃችሁን ግን አትሂዱ። ሐይቅ ዳር ዓሣ በልታችሁ ከሆነ አጥንቱን አጠብ አድርጋችሁ በፌስታል ያዙላቸው። ባጃጅ አልጭንም ካላችሁ ቆሮሶ የታለ ብላችሁ ጠይቁ፣ እኔ እጭናችኋለሁ።