ወይራውና ሰኞ ሰኞ የሚያብጠው ፊት

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሃያ ስድስት ዓመት ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ የኖረ፣ ሳይጠየቅ የማይናገር፣ ሲጠየቅም ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሃምሳን ካለፈ በኋላ የእንጨት ፍቅር ያዘው። ሥራ ካቆመ አናጢ አሮጌ ቶርኖ ገዝቶ ጓሮ ባለችው ዕቃ ቤት ተከለውና ቅዳሜና እሁድ እንጨት እያሽከረከረ፣ በመሮ እየላጠ፣ ጎድጓዳ ሳህን ያወጣ ጀመር። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሳህን ደረሰው። ሁለተኛ የደረሰውም አለ።

አንድ ጊዜ ጎረቤቱ አጥሩን የገፋበትን ወይራ አስቆርጦ ግንዱን ሰጠው። በሚቀጥለው ሰኞ ግራ ዓይኑ አብጦ፣ ተከድኖ ቢሮ ገባ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?» አለችው ጸሐፊዋ።

«እንጨት ነው።»

«የት?»

«ቤት።»

ጸሐፊዋ ሌላ አልጠየቀችም። የሰማችውን ግን ለሁሉም አዳረሰች።

በሁለተኛው ሰኞ ሁለቱም ዓይኖቹ አብጠው፣ አንገቱ ሽፍታ ወጥቶበት መጣ። በሦስተኛው ከንፈሩ ተጨመረ። ሚስቱ የሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ቁመቷ ትከሻው ጋ አይደርስም፣ ድምጿም ከበር አያልፍም። ቢሮው ውስጥ ግን ስሟ ገነነ።

የክፍል ኃላፊዋ አስጠርታው በሩን ዘጋች።

«አይፍሩ፣ ይንገሩኝ። ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሦስት ሳምንት።»

«ጠባችሁ በምንድን ነው?»

«ከማን ጋር?»

«ከባለቤትዎ።»

«ሳህን በዛ ትላለች» አላት።

ኃላፊዋ በረጅሙ ተነፈሰችና ሐኪም ዘንድ ሄዶ ማስረጃ እንዲያመጣ አዘዘችው።

ሐኪሙ ስለ ሚስቱ አልጠየቀውም፤ ትርፍ ጊዜውን በምን እንደሚያሳልፍ ጠየቀው። ከዚያ ከሚሠራበት እንጨት ሁሉ ሰጋቱራ እንዲያመጣ ነገረው። አምስቱን ዓይነት በአምስት ፖስታ፣ ቁጥርና ቀን ጽፎባቸው ይዞ ቀረበ። ሐኪሙ ከየፖስታው ቆንጠር እያደረገ ጀርባው ላይ በፕላስተር ለጠፈበት። ከሁለት ቀን በኋላ ፕላስተሩ ሲነሳ አራቱ ቦታ ደህና ነበር፤ የወይራው ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል።

«አለርጂ ነው። ወይራ አይንኩ» አለው ሐኪሙ። «ሌላውንም ቢሆን ያለ ማስክ፣ መስኮት ዘግተው አይሥሩ። እየዋለ ሲያድር እሱም ይጠላዎት ይሆናል።»

ከእንጨት ሁሉ የሚወደው ወይራውን ነበር። ቤቱ ገብቶ ሐኪሙ ያለውን ለሚስቱ ነገራት፤ ቢሮ የሚወራውንም አብሮ።

«እኔ መታሁህ አሉ?»

«አሉ።»

«በምን?»

«በእንጨት።»

የተማሪዎቿን ሥዕል መሰብሰቧን ተወችና አየችው። «ታዲያ አላስተባበልክም?»

«የሐኪሙን ወረቀት ለኃላፊዋ ሰጠኋት። አንብባ ‹እግዜር ያስችልዎት› አለችኝ።»

ሚስቱ ለረጅም ጊዜ ሳቀች። እሱ ግን ሐሳቡ ግንዱ ላይ ነበር። «ለሚፈልግ ልስጠው» አለ።

«ለምን? እኔን እንደሁ አያሳክከኝ።»

ቅዳሜ ማስክና መነጽር አድርጋ ቶርኖው ፊት ቆመች። እሱ ከመስኮቱ ውጭ፣ ራቅ ብሎ፣ መሮው እንዴት እንደሚያዝ በእጁ ያሳያት ነበር። ከሰዓት በኋላ ሳህኑን አጥባና ዘይት ቀብታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ተንጋዷል» አለ።

«አዎ፣ ተንጋዷል» አለችና ልብሷን ልትቀይር ገባች።