የኮኪት ችካሎች

ከጎንደር የተነሳሁት ሚያዝያ መግቢያ ላይ፣ በማለዳ፣ በጭነት መኪና ነው። የምሄደው ወንድሜን ታደለን ላመጣ ነበር። ታደለ ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለመል ጠፋ፤ ቀበሌው በእሱ ፈንታ አባታችንን አሰረ። ልጁ ካልቀረበ አይፈታም አሉን። ከቆላ የተመለሰ አንድ የቀን ሠራተኛ ደግሞ፣ ታደለ ሚያዝያ ላይ በሱዳን ድንበር ወዳለው ኮኪት እርሻ እመለሳለሁ ማለቱን ነገረን። ወይ ወንድሜን ለጦርነት እሰጣለሁ፣ ወይ አባቴን እስር ቤት እተዋለሁ። ሁለቱም ያስጠላኛል፤ ግን ሄድኩ።

ገንዳ ውሃ

ኬላው ላይ ወታደሩ ወዴት ነው አለኝ። ሰሊጥ ልገዛ አልኩ።

«በሚያዝያ የምን ሰሊጥ? ባል ፍለጋ ነው እንጂ» ብሎ ሳቀና አሳለፈኝ።

ሳሩ ተቃጥሎ ምድሩ ጠቁሯል፤ መሬቱ እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል። አንድ ጣሳ ውሃ በሃምሳ ሳንቲም ገዛሁ፤ ያውም ድፍርስ።

ኮኪት

የእርሻው ጥበቃ አያ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። ራኩባ በሚሏት የሣር ዳሳቸው ሥር አስቀመጡኝ። ወንድሜን እዚያ «ዓይን ጨፋኙ» ይሉት ነበር። አውራ ጣቱን ዘርግቶ፣ አንዱን ዓይን ከዚያም ሌላውን እየጨፈነ፣ ጣቱ ከኋላው ካለው ዛፍ አንጻር ሲዘል ያሳያቸዋል። የኮከብም ርቀት የሚለካው እንዲሁ ነው ይላቸው ነበር። ምድር በስድስት ወር ከፀሐይ ወዲያ ማዶ ትደርሳለች፤ ከሁለቱ ቦታ ሲታይ ቅርብ የሆነ ኮከብ ከሩቆቹ መሀል ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ ፈቀቅ ባለው ልክ ርቀቱ ይሰላል።

ጥቅምት ላይ አመሻሽ፣ ታደለ በምሥራቅ በሚወጣ አንድ ኮከብ ትይዩ ሁለት ችካል ተከለ። «ሚያዝያ መጥቼ ስንት እንደተንቀሳቀሰ አብረን እናያለን» ብሏቸው ወደ ሱዳን ተሻገረ። አያ ሰይድ ችካሎቹን ከከብት ሲጠብቁ ከረሙ።

እንደመሸ ወደ ችካሎቹ ወሰዱኝ። በርከክ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የለም። ሌላ ኮከብ ነው ያለው። ችካሉን ሳላውቅ ነካክቼው ይሆን ልጄ? ይቆጣኛል።»

«እርስዎ አልነኩትም» አልኳቸው።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጥቅምት ሲመሽ በምሥራቅ የሚወጣ ኮከብ፣ ሚያዝያ ሲመሽ በምዕራብ ይጠልቃል። ቢገኝ እንኳ ፈቀቅ ማለቱ በትልቅ መነጽር እንጂ በዓይን አይታይም። ይህን ያስተማረኝ ታደለ ራሱ ነው። ቀጠሮውን ሲሰጥ እዚያ የሚታይ ነገር እንደማይኖር ያውቅ ነበር።

«ይመጣል እንጂ፤ ምሎልኛል እኮ» አሉ አያ ሰይድ።

«አይመጣም።»

ችካሉን ያዙና፣ «እንግዲያ ልንቀለው?» አሉኝ።

«ይንቀሉት።»

ጎንደር

የሄደ ሰው ቀጠሮ የሚሰጠው ለመምጣት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እንዳይከተሉትም ይሰጣል። ከዚያ ሁሉ አቧራ ይዤ የተመለስኩት ይህንን ነው።

አባቴን በቀበሌው እስር ቤት መስኮት አገኘሁት። የጠየቀኝ ታደለ ድንበሩን ተሻግሮ እንደሆነ ብቻ ነው። ተሻግሯል አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት አላየሁም፤ ጠባቂው ሰዓቱ አልቋል ብሎ መስኮቱን ዘጋው።