የእናቴ ከዘራና ሊግኒን

ታላቅ ወንድሜ ደምሴ «እናታችንን የሰበራት ታናሼ ሙላት ነው» ብሎ ለአገሩ ሁሉ አውርቷል። የሠራሁላት ከዘራ በእጇ ተሰብሮባት ወደቀች፤ እግሯ ተሰበረ። «የበሰበሰ እንጨት ሰጣት» አለ። ሁለት ዓመት ደጃቸውን አልረገጥኩም። እንጨት ሠራተኛ ነኝ፤ የበሰበሰ አልሰጠሁም።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ልጄ ከትምህርት መጽሐፏ አንድ ገጽ በአማርኛ ገልብጣ ሰጠችኝ፤ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን የሚባል ነገር ነው፤ የእንጨቱን ቃጫዎች እንደ ሙጫ ያያይዛል። እርጥበት ላይ የሚበቅል ሻጋታ ሲበላው እንጨቱ ይነጣል፣ ይለሰልሳል። ስብራቱን በዓይኔ ለማየት ተነሣሁ።

ጠዋት፣ ከሰፈሬ ከቁስቋም

በእግሬ ወርጄ እናቴና ደምሴ ወዳሉበት ዳባት የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሆነን፣ እርጥብ የወይራ ዘንግ በጉልበቶቼ መሀል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቆመን ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በላሁ። የወገራ ብርድ እጅ ያደነዝዛል። ገብሱ እየታጨደ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ዘንጉን ዳበሱት። «ለማን ነው?»

«ለእናቴ ከዘራ።»

«ሸጋ ነው። መያዣው የታለ?»

«እዚያው እቆለምመዋለሁ፣ አያ።»

እኩለ ቀን፣ ዳባት

እናቴ ደጅ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። «ምነው ዘገየህ?» ብቻ አለችኝ። የአሮጌውን ከዘራ ስብርባሪ ከአልጋዋ ሥር አስወጣችኝ። አልጣለችውም።

ደምሴ ከአውድማ መጣ። «ፊደል ቆጠርኩ ብለህ እንጨት ልታስነብበን ነው?»

«አዎ። ና እይ።»

ከላይ ወይራው እንደ ብረት ነው። ከታች፣ ስብራቱ ላይ፣ በጥፍሬ ስጭረው እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ ተበጠሰ።

«አያ ደምሴ፣ ይሄ ጫፍ እርጥብ ላይ ከርሟል። የት ነበር?»

ወደ በረቱ አየ። «የጥጃዎቹን በር ደግፌበት ነበር። እሷ በዝናብ አትወጣም፤ መስከረም ሲጠባ አጥቤ እመልስላታለሁ። ከላዩ ደህና ነበር።»

«ስንት ክረምት?»

«ሁለት።»

የምጮህበትን ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ ሳዘጋጅ ነበር። እናቴ ግን «ውኃ ጣዱ» አለች።

ዘንጉን በእንፋሎት አሞቅነው። ሊግኒን ሲሞቅ ይላላል፤ ሲቀዘቅዝ በታጠፈበት ይጸናል። እስኪቀዘቅዝ ካልተያዘ ግን ተመልሶ ይቃናል። አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን ደምሴ ይዘን ጉልበት ለጉልበት ተቀመጥን። ትቶ መሄድ የለም።

«እኔ ነኝ የሰበርኳት» አለ፣ እንጨቱን እያየ።

«አታውቅም ነበር» አልኩት። ይህን ልል አልመጣሁም።

«እንዳትለቁት» አለች እናቴ።

በማግስቱ ቁስቋም ገባሁ። ልጄ «መጽሐፉ ልክ ነበር?» አለችኝ። ልክ ነበር። ልክ መሆኔን ብቻ ታቅፌ ሁለት ዓመት ቤቴ ተቀመጥኩ፤ እናቴ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ያለ ከዘራ።

ደምሴ ያወራውን በራሱ አፍ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ያረመው፣ እናቴም ሰው ሳይደግፋት በአዲሱ ከዘራ ማርያምን ስማ የተመለሰችው ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ነው።